ስልኩ ራሴን ፈለጠኝ፣ ግሩፑ መደቤን ነጠቀኝ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ኦገስት 14 ቀን 2024

ለክቡር አቶ ኤቦ ኳይሰን
የምፖአኖ ባሕር ዳር ገበያ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ምፖአኖ

ጉዳዩ፦ ከስልክ ግሩፕ በመውጣቴ "ገበያውን ለቃለች" ተብሎ ለሌላ ሰው የተሰጠው የዓሣ መደቤ እንዲጸናልኝ እና ማስታወቂያ በአፍ እንዲነገረኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች እኔ አራባ ቴክዩዋ፣ በገበያው በር ሲገቡ በስተግራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ያለው በጢስ የደረቀ ዓሣ የሚሸጥበት መደብ ባለቤት ነበርኩ። "ነበርኩ" ብዬ መጻፌን ራሴው አልወደድኩትም፤ ነኝ። መደቡ ከእናቴ የወረስኩት ሲሆን፣ እርስዎም ራስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ "ጭራው ያልተሰበረ ሰርዲን ምረጪልኝ" እያሉ የሚከራከሩኝ እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ማንነቴን ለማስረዳት ጊዜዎን አልወስድም። ጉዳዬ ግን ከሥሩ ካልተነገረ ቀልድ ስለሚመስል፣ በትዕግሥት እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። አሁን ትልቁ የዓሣ ወቅት ነው፤ በዚህ ወቅት መደብ ያጣች ሴት ዓመቱን ሙሉ ምን እንደምትበላ እርስዎ ያውቁታል።

1. ስለ ሕመሜ

ራስ ፍልጠት፣ ሐኪሞች ማይግሬን የሚሉት፣ ከልጃገረድነቴ ጀምሮ የማውቀው እንግዳ ነው። ዱሮ ግን ጨዋ እንግዳ ነበር። ምግብ ሳልቀምስ ስውል፣ ወይም ያ ከሰሜን የሚመጣው የአቧራ ነፋስ ሲነሣ ብቅ ይልና አስተኝቶኝ ይሄዳል፤ ከዚያ ለወራት አይታይም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዕቃውን ጠቅልሎ እኔው ቤት ገባ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከዓይኔ ጥግ፣ ፀሐይ ላይ እንደተበተነ የዓሣ ቅርፊት የሚብለጨለጭ ነገር ይታየኛል። ያ ብልጭታ እንደ መጋዝ ጥርስ እየሆነ ይሰፋና የማየውን ነገር ግማሹን ይውጠዋል። አንድ ቀን ደንበኛዬ እያነጋገረችኝ ግማሽ ፊቷ ጠፋ። አፏ የቀረው ወገን ላይ ስለነበር ዋጋ መከራከሯን አላቋረጠችም። ከዚያ በኋላ በአንድ ወገን፣ ከቅንድቤ በላይ፣ ልክ በልብ ምት የሚቀጠቅጥ ሕመም ይመጣል። ያስመልሰኛል። ብርሃን ጠላቴ ይሆናል፣ ድምፅም እንዲሁ። ባለቤቴ ጆጆ "እንዴት ዋልሽ?" ሲለኝ "ዝም በል!" እለዋለሁ። እሱም "ይቺስ ሳትታመሚም አለች" ብሎ መረቡን ወደ መጠገን ይመለሳል።

2. ስለ ግሩፑ

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ ዓምና ጽሕፈት ቤትዎ እና የዓሣ ሻጮች ንግሥት የምንላቸው አለቃችን ክብርት ናና ኤኩዋ ቤንትሲዋ ተመካክረው የገበያው ማስታወቂያ ሁሉ በስልክ ግሩፕ እንዲሆን ወሰኑ። አዋጅ ነጋሪያችን ጋሼ ፊፊም "እረፍ ተብለሃል" ተባሉና ቃጭላቸውን ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ሐሳቡ ክፉ ነበር አልልም። ጀልባ ሲገባ ሁላችንም እኩል እንድንሰማ ታስቦ ነው።

ያ ግሩፕ ግን መች ማስታወቂያ ብቻ ሆነ! ጠዋት ስከፍተው አንድ የሚያብረቀርቅ ጽጌረዳ "መልካም ቀን" እያለ ይንቦገቦግብኛል። እሱን ሳልፍ ሻማው እየተርገበገበ የሚነድ ጸሎት አለ። ከጸሎቱ ሥር ሰባኪ ይጮኻል፤ ከሰባኪው ሥር የአንዷ የልጅ ልጅ ይጨፍራል፤ ከልጁ ሥር ይህን መልእክት ለሌላ ያላስተላለፈ ሰው የሚደርስበት መዓት ተዘርዝሯል። ከዚህ ሁሉ በታች "ጀልባ ገባ" የምትል አንዲት መስመር ተቀብራለች። እሷ ጋ እስክደርስ ዓሣው አልቆ፣ እኔም ብልጭታው ጀምሮኝ ቁጭ ብያለሁ።

ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ አይቻልም። አውራ ጣት ያላነሣ ናቀን ተብሎ ይወሰድበታል። አንድ ቀን ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ ክብርት ናና ራሳቸው ደወሉና "አራባ፣ ዝም ያልሽው ሞተሽ ነው ወይስ ከብረሽ?" አሉኝ። "ናና፣ ራሴን አሞኝ ነው" ብላቸው፣ "ራስሽን ቢያምሽ ጣትሽ ምን ሆነ?" አሉኝ።

3. ስለ ክሊኒኩ

ሕመሙ ሲበዛብኝ ጢሱ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሰፈሩም "ጢስ ነው" አለኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ቪዳ ግን አፋጠጠችኝ።

"እትዬ አራባ፣ ከጢሱ ጋር ስንት ዘመን ኖራችሁ?"

"ከእናቴ ሆድ ጀምሮ።"

"ከስልኩ ጋርስ?"

"ከዓምና ወዲህ።"

እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየችኝ። እኔም ገባኝ።

ከዚያ በኋላ በደንብ አስረዳችኝ። ማይግሬን ያለበት ሰው አንጎሉ ቶሎ የሚደነግጥ ነው አለች። ኃይለኛ ብርሃን፣ የሚርገበገብ ምስል፣ በጣት ሲገፉት እየተንሸራተተ የሚሮጥ ጽሑፍ፣ አንገት ደፍቶ መዋል፣ በዚያ ላይ "ዛሬ ምን ተባለ፣ ማን ተቀየመኝ" የሚለው ጭንቀትና የጎደለ እንቅልፍ ሲደራረብ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ስልኩ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፣ ሁሉንም ሰውም እኩል አይነካም ብላኛለች፤ ይህን የምጽፈው ስልክን በሐሰት ከሰሰች እንዳልባል ነው። የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠችኝ። ምግብ እንዳላሳልፍ፣ ውኃ እንድጠጣ፣ የስልኩን ብርሃን እንድቀንስ፣ ዓይኔን በየመሐሉ ወደ ባሕሩ አሻግሬ እንዳሳርፍ፣ ብልጭታው ከጀመረ ደግሞ "ቶሎ አስቀምጪው" ብላ አዘዘችኝ።

ትእዛዟን ለመፈጸም በግሩፑ ውስጥ በትሕትና ተናገርኩ። "እህቶቼ፣ ቪዲዮና የሚብለጨለጭ ነገር ራሴን እያሳመመኝ ነውና እባካችሁ ቀንሱልኝ" አልኩ። እህቶቼ አዘኑልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወዲያው የራስ ምታት መድኃኒት ይልኩልኝ ጀመር፤ በቪዲዮ። አንዷ ዝንጅብል፣ አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ ደግሞ የሰው ራስ በቀይ መብራት እየበራ እየጠፋ "ሕመምሽ እዚህ ጋ ነው?" የሚል ላከችልኝ። "አዎ" ብዬ ልመልስላት ስል ያ ቀይ መብራት ጣለኝ።

ከመኝታዬ ስነሣ ከግሩፑ ወጣሁ። ሲስተር ቪዳ "ቀንሺ" አለችኝ እንጂ "ውጪ" አላለችኝም፤ መውጣቱ የራሴ ውሳኔ ነው። ከወጣሁ በኋላ ሕመሙ ጨርሶ ባይተወኝም ረገብ አለልኝ፤ ጆጆም "እንዴት ዋልሽ?" ሲል መልስ ማግኘት ጀመረ።

4. ስለ ቀዩ ልብስ

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ እመጣለሁ። የክብርት ናና አጎት፣ የጀልባ ባለቤት የነበሩት አባባ ኮቢና አቦኪ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከግሩፑ ከመውጣቴ ጥቂት ቀደም ብለው አረፉ። ቤተሰቡ በኀዘን ግለት "ልብሱ ቀይና ጥቁር ነው" ብሎ አስነገረ። እኔም አይቼ አውራ ጣቴን አነሣሁ። ኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው "እንዴ! የልጅ ልጅ ልጅ ያቀፈ ሰው በምስጋና እንጂ በቀይ አይሸኝም" አሉና ወደ ነጭና ጥቁር ቀየሩት። ለውጡ የተነገረው በግሩፑ ነው። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ወጥቻለሁ።

ሌላው ነጭ ሲለብስ ቀይ የሚለብሰው ማን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። አንጀቱ የተቃጠለ የቅርብ ሥጋ ዘመድ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከራስ መሸፈኛዬ እስከ ጫማዬ ቀይ ለብሼ ለቅሶው ድንኳን ገባሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነጭ ነው። በሩዝ መካከል የወደቀች በርበሬ መሰልኩ። ልመለስ ብል ማይክሮፎን የያዘው ሰው አየኝና "ከቤተሰቡ ወገን የሆነችው ቀይ ለባሽ እህታችን ወደ ፊት ትለፍልን! መንገድ ስጧት!" ብሎ ጮኸ። ሁለት ጎረምሶች ክንዴን ደግፈው ወስደው ከሟች ልጆች ጎን አስቀመጡኝ። ሕዝቡም ተሰልፎ እጄን እየጨበጠ "አይዞሽ፣ ጽናቱን ይስጥሽ" ይለኝ ጀመር። አለቀስኩ። ያለቀስኩት በሐፍረት ነው፤ ለቅሶዬ ግን ነገሩን የባሰ አደረገው።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ።

"ይቺ ደግሞ የሟች ምናቸው ናት?"

"ዓሣ የሚገዙት ከሷ ነበር።"

"ዓሣ ብቻ?"

"እኔ ምን አውቄ! ለዓሣ ግን እንዲህ አይለቀስም።"

ባለቤቴ ጆጆ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ ለውጡንም በእነሱ በኩል ሰምቶ ነጭ ተውሶ ለብሷል። ለእኔ መንገር ግን አልታወሰውም። ከሩቅ ባየው ጊዜ ጎረቤቱ "ሚስትህ አይደለችም እንዴ?" ሲለው፣ "እኔም ዛሬ ነው የማያት" ብሎ ለስላሳውን ሲጠጣ አየሁት። ስለ እሱ ለብቻው አቤቱታ አቀርባለሁ፤ ለእርስዎ ሳይሆን ለእናቱ።

5. ስለ ደረሰብኝ በደል

ክብርት ናና "በአጎቴ ለቅሶ ላይ ትያትር ሠራችብን" ብለው ተቆጡ፤ በቁጣቸው አልፈርድም። ጽሕፈት ቤትዎም ቀርቤ እንዳስረዳ ጠራኝ። የጠራኝ ግን በግሩፑ ነው። ከግሩፑ በመውጣቴ የተከሰስኩትን ሴት በዚያው ግሩፕ ጠርቶ፣ ባለመምጣቴ "ከግሩፕ የወጣ ከገበያ ወጣ" ብሎ መደቤን ለሌላ ሰጠ። እኔ በዚያ ሁሉ ቀን ከቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጬ ዓሣዬን እገለብጥ ነበር። አንድ ሰው መስኮቱን ከፍቶ "አራባ!" ቢል ይሰማኝ ነበር፤ ድምፅ የሚያስጠላኝ ሲያመኝ ብቻ ነው።

ውሳኔውን ያወቅሁት ማንሳ የምትባል ወጣት ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ቅርጫትና ሚዛን ይዛ ፊቴ በቆመች ጊዜ ነው።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የተቀመጡት መደቤ ላይ ነው" አለችኝ።

"የኔ ልጅ፣ ተሳስተሻል። ይህ መደብ እኔን ነው የሚያውቀው።"

"ኧረ ተጽፏል እኮ፣ ይዩት" ብላ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው።

"አጥፊው እባክሽ! በአፍሽ ንገሪኝ።"

በአፏ ነገረችኝ። እሷም ፊቴን አይታ ሚዛኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓሣ በራሷ ላይ ተሸክማ ፀሐይ ላይ እየዞረች የምትሸጥ ልጅ ናት፤ ጥላ ያለው ቦታ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። እሷ አልሄደችም፤ እኔም አልተነሣሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀን እንሸጣለን። ደንበኛ "የማን ነው?" ሲል ሁለታችንም "የኔ" እንላለን። ልጇ ግን እኔን መርጧል፤ ጭኔ ላይ ነው የሚተኛው።

በዚያው ሳምንት የሟች ባለቤት እማማ ኩኩዋ በትራቸውን እየመቱ መጡ። ሽንኩርት ሻጮች እንኳ መላጡን አቆሙ።

"አንቺ፣ እቅጩን ንገሪኝ" አሉ። "ባሌን ታውቂው ነበር?"

"ሰርዲን ሲገዙ ነው እማማ፣ ሌላ ምንም።"

"ራሱ የተቆረጠ ነው ወይስ ከነራሱ?"

"የተቆረጠ። ሁልጊዜ 'ራሱን ቁረጪልኝ' ይሉኝ ነበር።"

እማማ ዓይናቸው ጠበበ። "ውሸት! ባሌ የዓሣ ራስ እንደ ነፍሱ ነበር የሚወደው" አሉ። እኔ ሌላ ጉድ መጣ አልኩ። ድምፃቸው ግን ተለወጠ። "የዓሣ ራስ የማልበላው እኔ ነኝ። ዓይኑ ያፈጥብኛል እያልኩ… ለካ ለኔ ብሎ ነው ሲያስቆርጥ የኖረው" አሉና በማንሳ ቅርጫት ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ካለቀሱ በኋላ የቀዩን ልብስ ታሪክ ከነራስ ምታቱ ነገርኳቸው። ይሥቁ ጀመር። "እሱ ይህን ቢሰማ ከሣጥኑ ተነሥቶ ይሥቅ ነበር" አሉ። ለባላቸው የእህት ልጅ ለክብርት ናናም ራሳቸው ሊያስረዱልኝ ቃል ገብተውልኛል። እኔም በዚህ አቤቱታ ግልባጭ በኩል ክብርት ናናን ስለ ልብሴ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የአጎታቸውን ክብር አንድም ቀን ዝቅ አላደረግኩም፤ የልብሱን ለውጥ አላየሁም እንጂ።

6. ስለምጠይቀው ፍትሕ

ስለሆነም ክቡርነትዎ፦

ሀ) መደቤ በስሜ ጸንቶ እንዲቆይ እንዲወስኑልኝ፤

ለ) ማንሳን ግን እንዳያስነሡብኝ። የመጣችው ተሰጥቶሻል ተብላ ነው፣ በደል አልሠራችም። ከመደቤ አጠገብ የተሰበረው የበረዶ ሣጥን የተጋደመበት ቦታ ለዓመታት ለድመት ብቻ ሲያገለግል የኖረ ስለሆነ፣ ሣጥኑ ተነሥቶ ቦታው ለእሷ እንዲሰጥ። ጆጆ በነጻ ያነሣዋል፤ አልጠየቅኩትም፣ ግን ዕዳ አለበት፤

ሐ) ጀልባ ሲገባ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ ሰው ሲሞትና የለቅሶ ልብስ ሲቀየር፣ ከግሩፑ በተጨማሪ ጋሼ ፊፊ ቃጭላቸውን ይዘው በገበያው መሐል እንዲናገሩ። ይህ ለእኔ ብቻ አይደለም። መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ዓይናቸው የደከመ፣ ስልካቸው የተሰበረ፣ እንደኔም ራሳቸውን የሚፈልጣቸው ሴቶች በጆሮዬ ሹክ ብለውኛል። አውራ ጣት የሚያነሡት ሳያነቡ እንደሆነም ነግረውኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም፤

መ) እኔም ወደ ግሩፑ መመለስ ካለብኝ፣ ማስታወቂያ ብቻ የሚጻፍበት፣ ጽጌረዳውና ሰባኪው የማይገቡበት ሌላ ግሩፕ እንዲከፈትልን፤ ያላየም "ናቀን" እንዳይባል፤

ሠ) በመጨረሻም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ባሕሩ እንደሚያርፍ፣ መረብ የሚጥል እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። አባቶቻችን ባሕርን የሚያህል ጉልበተኛ እረፍት ያስፈልገዋል ካሉ፣ የእኔ ራስ ከባሕር አይበረታም። ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ቪዲዮ የሚልከው ግን ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ግሩፑም ከባሕሩ ጋር እንዲያርፍ እንዲያዝዙልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የስልክ ጠላት አይደለሁም፤ ልጄ ሩቅ፣ ኩማሲ ከተማ ነው የምትኖረው፣ ድምፅዋን የማገኘው በእሱ ነው። በጆሮዬ ስይዘው አያመኝም፤ ዓይኔ ላይ ሲነድ ነው የሚያመኝ። ሲስተር ቪዳ የጻፈችልኝን ወረቀት አያይዣለሁ።

ውሳኔዎን ለመስማት በሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት እኔ፣ እማማ ኩኩዋና ማንሳ ከነልጇ ወደ ቢሮዎ እንመጣለን። እዚያ ያለው የእንግዳ ወንበር አንድ ብቻ መሆኑን ስለማውቅ በርጩማችንን ይዘን ነው የምንመጣው። እማማ ኩኩዋ አንዴ ከተቀመጡ መልስ ሳይሰሙ የሚነሡ ሴት አይደሉም፤ ሕፃኑም ምሳው ካለፈበት ድምፁ ከቃጭል ይበልጣል። ስለዚህ ከምሳ በፊት እንደሚወስኑልኝ እምነቴ የጸና ነው።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፤ ወረቀቱ ዓሣ ዓሣ ከሸተተዎ መደቤ ላይ ሆኜ ስለጻፍኩት ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አራባ ቴክዩዋ
(ፊርማ)
በጢስ የደረቀ ዓሣ ሻጭ፣ ከበሩ በስተግራ

ግልባጭ፦
ለክብርት ናና ኤኩዋ ቤንትሲዋ፣ የምፖአኖ ዓሣ ሻጮች ንግሥት (በእማማ ኩኩዋ እጅ የሚሰጥ)